ተራራውን ያላለፉት እህትና ወንድም

በቀደም እራት አቅርቤ ልጄን «ስልክሽን አስቀምጪና ነይ» ብላት፣ «ችግር የለም እማዬ፣ ጌሙን ሴቭ አድርጌዋለሁ፤ ካቆምኩበት ይቀጥላል» አለችኝ። ካቆሙበት መቀጠል! እኔ በልጅነቴ፣ ደባርቅ ላይ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ያጣሁት ይህንኑ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ጌትነት በሚያዝያ ከእህል ጭነት መኪና ላይ ወድቆ ቅልጥሙ ተሰበረ። ከዳባት የመጣው ወጌሻ በሸንበቆ አሰረውና «እስክመለስ መሬት እንዳይረግጥ» ብሎን ሄደ። እማዬ ገበያ ላይ ገብስ ትሸጣለች፤ አባዬ እርሻ ላይ ይውላሉ። አስታማሚነቱ ለእኔ ወደቀ። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርትሽን ተዪ ያለኝ ሰው የለም፤ እንዲያው አንድ ቀን ደብተሬን ሳላነሳ ዋልኩ፣ በዚያው ቀረሁ።

ከዚያ ክረምት ገባ። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ደጃፋችን ላይ ይተኛል። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰው ከሰው አይደማመጥም። መስኮቱን ዘግተን ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እያጠቀስን እንውላለን። ወደ ሽሬ የሚያልፍ መኪና ጭቃው ውስጥ ሲያጓራ በሰማሁ ቁጥር፣ ውስጡ ባሉት ሰዎች እቀና ነበር።

የአክስታችን ልጅ ጌም ቤት ነበረው። አዲስ ማጫወቻ ሲገዛ፣ አሮጌውን ከአንድ ሲዲ ጋር አዋሰን። የከተማው ልጅ ከኳስ ጌም ሌላ ስለማይጫወት ያን ሲዲ የሚፈልገው አልነበረም። እህትና ወንድም የጠፋች እናታቸውን ፍለጋ በረዷማ ተራራ የሚያቋርጡበት ታሪክ ነው። እኔ እህትየዋን፣ ጌትነት ወንድምየውን ያዝን። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ የገባኝን እተረጉማለሁ፣ ያልገባኝን ከራሴ እጨምራለሁ።

«ምን አለችው፣ እታለም?» ይለኛል።

«‹አይዞህ፣ ደርሰናል› አለችው።»

መከራው፣ ማጫወቻው የደረስንበትን የሚይዝበት ካርድ አልነበረውም። ወንዙን ተሻግረን፣ ጫካውን አልፈን፣ ከዋሻው አፍ ስንደርስ መብራት ድርግም ይላል። ሲመለስ ልጆቹ ከቤታቸው ደጃፍ ናቸው። ጌትነት ይስቃል። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። ለጌም ማን ያለቅሳል?

ነሐሴ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሻውን ባለፍንበት ቀን፣ አባዬ ገቡ።

«ተነሺ፣ ነጠላሽን ልበሺ። ሽማግሎች መጥተዋል።»

ለምን እንደመጡ ገባኝ። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም፤ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ፣ «አባዬ፣ አላገባም። በመስከረም ትምህርቴን እጀምራለሁ» አልኳቸው።

መልስ ሳይሰጡኝ መብራቱ ጠፋ። በሩም መስኮቱም ዝግ ስለነበር ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ግን የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

«ሰርጉ ለጥር ነው፤ እስከዚያ ወንድምሽ ይድናል። በመስከረም ትምህርት ቤት ከሄድሽ ግን ማን ያየዋል?»



«እኔን ማንም አያየኝ» አለ ጌትነት። አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ወጌሻው ገና አልፈቀደለትም። እጄን ብዘረጋ፣ «አትያዢኝ፣ እታለም» አለኝ። ግድግዳውን እየዳበሰ በሩ ዘንድ ደርሶ ከፈተው። ብርሃኑ ሲገባ በረንዳው ላይ የተቀመጡት ሽማግሎች ቀና ብለው አዩት። «እንደምን ዋላችሁ?» ብሎ እጅ ነሳቸው።

አባዬ የቆመበትን እግር አዩ። ከዚያ በአጠገቡ አልፈው ወጡ። «ልጅቷ ትምህርት ላይ ናት። አትቀየሙን» ሲሉ ሰማኋቸው።

በመስከረም ዘጠነኛ ክፍልን እንደገና ጀመርኩ። ማጫወቻውም ለባለቤቱ ተመለሰ፤ ልጆቹ እናታቸውን ያግኙ አያግኙ አላወቅንም። ዛሬ ዳባት አስተምራለሁ። ጌትነት ደባርቅ ነጋዴ ነው፤ ዳገት ሲወጣ ያነክሳል።

በቀደም ከእራቱ በኋላ ደወልኩለት። «ያኔ ስትነሳ አላመመህም?» ብዬ ጠየቅኩት።

ሳቀ። «ጨለማ ሆኖ እንጂ፣ ፊቴን ብታዪው አንቺው ራስሽ መልሰሽ ታስተኚኝ ነበር።»

ስልኩን ዘጋሁ። ያን ክረምት የታሰርኩት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አልጋው ላይ የነበረው ግን እሱ ነው።