የአዴ ፋጡማ ጣሳ

በደርግ ጊዜ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ዳቦ ቤት ሲወረስ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። ዱቄትና ስኳር በኪሎ ተመዝኖ ካልተፈረመበት አይወጣም ተባለ። ኬክ ጋጋሪያችን አዴ ፋጡማ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የምትሰፍረው በአንዲት የወተት ጣሳ ነው።

“ሦስት ጣሳ ዱቄት ለአስር እንቁላል፤ በቃ!” አለችኝ።

ጣሳውን ወደ ኪሎ መለወጥ የኔ ሥራ ሆነ። ጢም አድርጌ ሞላሁት፣ አፉን በቢላ ላጨሁት፣ የባዶውን ክብደት ቀነስኩ። እንዳልሳሳት ሦስቴ ደጋግሜ መዘንኩና ጻፍኩላት።

በጻፍኩት ኪሎ የተጋገረው የሰርግ ኬክ ከምድጃው እንደ ጡብ ደርቆ ወጣ። የወሩ ስኳራችንም በሱ አለቀ። ኃላፊያችን ጠራኝ።

“ጓድ፣ ይሄ አሻጥር ነው!”

በዚያን ጊዜ በዚህች ቃል ሰው ይታሰር ነበር። ኃላፊውን ይዤ ወደ መጋገሪያው ሄድኩና፣ “አዴ፣ እስቲ እሱ ፊት አንቺው ስፈሪው” አልኳት።

“አቦ፣ ይሄ ምን ይከብዳል?” ብላ ጣሳውን ከጠርዙ ያዘችው፤ አውራ ጣቷ ውጭ፣ አራቱ ወፋፍራም ጣቶቿ ውስጥ። እንደያዘችው ዱቄቱ ውስጥ ነከረችው።

ለካ የጣሳው ሩብ ጣት ኖሯል።