ጠቢብ ብዬ የላክሁት ቃል

ከአንኮበር የወጣነው ወደ ማታ፣ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ቤቱን ሁሉ ሲውጠው ነው። ወገኖቼ፣ ሌላ ሰው ስደቱን ሲያወራ የእናት ልቅሶ አለበት፣ የቄስ ቡራኬ አለበት። እኔ የወጣሁት የዘነበችን ደጅ እያየሁ ነው። አብሮ አደጌ ክፍሌ በቅሎዋን እየጎተተ «ና እንጂ አንተ! በሩ መልስ ይሰጥህ መስሎሃል?» ይለኛል። ደጁ ላይ የአባቷ ውሻ ተጋድሟል። በውሻው ቀናሁበት፤ እሱ እዚያው ሊያድር ነው።

በቅናት በኩል እንዲህ ነኝ፤ ከአሁኑ እወቁልኝ።

አባቴ ባሩድ ቀማሚ ነው። ድኙን ከቆላ ያስመጣል፣ ከከሰልና ከጨው አፈር ጋር ይወቅጣል፣ ለግምጃ ቤት ያስረክባል። እጁ ጥቁር፣ ቅንድቡ የተለበለበ ሰው ነው። ባሩዱን የፈለጉ ቀን «ጌታው» ይሉታል፤ ዘወር ሲል «ጠይብ» ነው ስሙ። ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪዋም፣ የእሳት ሥራ የነካ ሁሉ በእኛ አገር ጠይብ ነው፤ ጠይብ ደግሞ ዓይኑ ይበላል፣ ጅብ ይሆናል ይባላል። አባቴ በመንገድ ሲያልፍ ሴቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። እሱም ያየ አይመስልም፤ ጎንበስ ብሎ ያልፋል።

እንግዲህ የዚህ ሰው ልጅ ሆኜ ነው የግምጃ ቤቱን ሹም ልጅ ዘነበችን የወደድሁት። ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ «ለጠይብ ልጅ ልጄን አልሰጥም» አለ። ሽማግሌዎቹ እግሩ ላይ ሲወድቁ ጊዜ «በሉ፣ ከእሳቱና ከሙቀጫው ይራቅ፤ ሌላ ሰው ሆኖ ከመጣ ያን ጊዜ እናያለን» አላቸው። አባቴ ይህን ሰምቶ አንድ ዕፅዋት የሚሰበስብ ሽማግሌ ፈረንጅ ዘንድ ሄደና ለመነልኝ። «ሂድ ልጄ፤ እኔን የሚሉኝን አንተን እንዳይሉህ ሂድልኝ» አለኝ። ክፍሌን ማንም አልላከውም። ፈረንጅ አገር ጠመንጃ እንደ ባቄላ ይበቅላል ብሎ ነው የተከተለኝ።

በአልዩ አምባ ወርደን፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠን፣ ታጁራ ላይ ከመርከብ ገባን። ስለ ባሕሩ አትጠይቁኝ። ክፍሌ የበላውን ሁሉ ለዓሣ ሲሰጥ ሰነበተ፤ እኔም አላነስሁም።

ፈረንጁ ያስገባን ከተማ ብርዱ ብርድ ነው፤ ግን ደብረ ብርሃን ያደረ ሰው በብርድ አይደነግጥም። ያስደነገጠን ማዕዱ ነው። ጎመኑን አኮምጥጠው ይበሉታል፣ ዳቧቸው ጥቁር ነው። ደግሞ «ብላ» የሚሉት አንዴ ብቻ ነው! ያረፍንባትን ቤት ባለቤት ፍራው እንላታለን፤ እመቤት ማለት ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሥጋ አቅርባ «ብሉ» አለችን። እንደ ወጋችን «ጠግበናል፣ እግዜር ይስጥልን» አልን፤ ትለምነናለች ብለን። አንሥታ ሄደች! ክፍሌ ሳህኑን በዓይኑ እየሸኘ «ወይ ጉድ፣ ይቺ ሴት እናት የላትም እንዴ?» አለኝ። በነጋታው ገና ሳትናገር «አዎ፣ አዎ» አልናት።

ሽማግሌው ፈረንጅ ቋንቋውን አስተምሮ ከትልቁ ትምህርት ቤት አስገባኝ። የመረጠልኝም ኪሚ የሚሉትን ነው፤ የቅመማ ትምህርት። ሳቁብኝ እንጂ! ከሙቀጫው ሸሽቼ ባሕር ማዶ ሙቀጫ ጠበቀኝ። ደግነቱ እጄ አይረባም። ፕሮፌሶሩ ጠርሙስ ስሰብርበት ታግሦ ታግሦ አንድ ቀን «አንተ እጅህን ከኪስህ አታውጣ! ተቀምጠህ አስብልኝ» ብሎ ወረቀትና ብዕር ሰጠኝ። ሥራዬ ይህ ሆኖ ቀረ። ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? ጨው የገባበት ውሃ ለመርጋት ለምን የበለጠ ብርድ ይፈልጋል? እሳት አልነካም፣ ብልቃጥ አልይዝም፤ አሰላለሁ። እኔ ጨው ውሃው ውስጥ ለሁለት ይለያያል እላለሁ፤ ትልልቆቹ ሊቃውንት ይስቁብኛል። አጠገቤ ያለው ሲመሰገን የሰማሁ ቀን ደግሞ እራቴ አይወርድልኝም።

ለነዋሪነት ልመዘገብ ፖሊሳይ ዘንድ ብሄድ ሹሙ «ሥራ?» አለኝ።

«ስለ ጨው አስባለሁ።»

«ጨው ትነግዳለህ?»

«የለም። ስለ ጨው አስባለሁ።»

«ጨውህስ የት አለ?»

«የለኝም ጌታዬ።»

አየኝ አየኝና «ጨው ነጋዴ፣ የከሰረ» ብሎ ጻፈ። ክፍሌ ይህን ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እውነቱን እኮ ነው! አሞሌ ውሃ ከገባ ጠፋ ነው፤ ይህን ለማወቅ ነው ይህን ሁሉ አገር ያስረገጥኸኝ?» አለኝ።

ክፍሌ የፈረስ ጋጣ ይጠብቅ ነበር። ከርሞ ከርሞ አገሩ ናፈቀው። እሱ ሊሄድ ሲነሣ እኔ ትምህርቴን ፈጽሜ ዶክቶር ተብያለሁ። መልእክት ልላክ፣ ግን በምን ቃል? ዶክቶር ብል አይገባቸውም። ሐኪም ብል ቁስላቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። ሊቅ ብል ሳልቀድስ ቄስ መሆኔ ነው። በመጨረሻ ከመጽሐፉ ደህናውን ቃል አወጣሁና «ጠቢብ ሆኗል በልልኝ። ለአባቴም፣ ለዘነበች ቤትም» አልሁት። «ጠቢብ» አለ ክፍሌ። «ጠቢብ» አልሁ። ሳምኩት፣ ሄደ።

ከዚያ ጠበቅሁ። ልመለስ ስል ፕሮፌሶሩ «አንተ አስተምር» አለኝ፤ ሹመቱም ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ። ይህን ዓመት ብቻ እያልሁ ነጭ ፀጉር አወጣሁ። ክፍሌ የመጣው ያኔ ነው። ዕቃ ሊገዙ ለመጡ የአገራችን ነጋዴዎች፣ ቋንቋ ያውቃል ተብሎ፣ አስተርጓሚ ሆኖ ነው የመጣው። በሬን ሲከፍት አላወቅሁትም። ወፍሯል፣ ካባ ደርቧል። አንገቱ ሥር ሳቅፈው የቅቤና የጭስ ሽታ መታኝና እንደ ልጅ አለቀስሁ።

«አባቴስ?»

«ዐረፉ። እግዜር ያጥናህ።» ካባውን ሰብስቦ ተቀመጠና ቀጠለ። «መልእክትህን ስነግራቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ‹እንዳይሆን ብዬ ሰድጄው እዚያም ሄዶ ጠይብ ሆነ?› አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ አንተ አላነሡም።»

«ጠይብ? ጠቢብ አይደለም ወይ ያልሁህ!»

«ጠይብ ነዋ ያልሁት።»

«ጠቢብ!»

«ኧረ በማርያም! አንኮበር ላይ ጠቢብን ማን ጠቢብ ብሎ ይጠራዋል? አንተ ነህ መጽሐፍ ለመጽሐፍ ስትዞር አፍህን የረሳኸው።»

እውነቱን ነው፤ ቃሉ አንድ ነው፤ የመጽሐፉ ጠቢብ በሰው አፍ ሲለሰልስ ጠይብ ይሆናል። እኔ ሽማግሌ ከመቀመጫው የሚነሣለትን ስም ላክሁ፣ አገሬ አባቴን ያጎነበሰውን ስም ሰማ።

«ዘነበችስ?» አልሁት። ዓይኑን ከእኔ አነሣ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው እንዲህ የሚያደርገው ምን ሲሆን እንደሆነ የቀና ሰው ያውቃል።

«አንተ!»

«አዎ፣ እኔ። ሁለት ወልዳልኛለች።»

ካባውን አየሁ። ክሩ አንገቱ ላይ ተገምዷል፤ በሷ እጅ ነው የተገመደው ብዬ ክሩ ላይ ቀናሁ። «ቃሌን ሆን ብለህ አበላሸኸው! ለራስህ ልታስቀራት!» ብዬ ጮህሁበት። ፍራው ግድግዳውን ደበደበች።

ክፍሌ አልተቆጣም። ቢቆጣ በወደድሁ። «ስማኝ ወልዴ፤ አባቷ ጠይብ ሲባል ሰምቶ በሩን ዘጋ፤ እሱስ እውነት ነው። እሷ ግን እናቴ ቤት ድረስ መጣችብኝ። ‹ጠይብም ይሁን ጅብም ይሁን ግድ የለኝም። ይመጣል ወይ?› አለችኝ።»

«ምን አልሃት?»

«ምን ልበላት? ጠቢብ ሆኗል በል አልኸኝ እንጂ እመጣለሁ በል አላልኸኝም። እንዳልህ ነገርኋት። ሦስት ክረምት ደግሞ ጠበቀች።»

ጣቢያ ድረስ ሸኘሁት። ባቡሩ ሲያፏጭ በመስኮቱ ብቅ ብሎ እጄን ያዘና «መቼም ትጠይቀኛለች። ምን አለ ልበላት?» አለኝ። ያኔ ያልላክሁት ቃል አፌ ላይ ነበር፤ ምንም መጽሐፍ አላስፈለገውም። ግን እንዲህ ያለ መልእክት ለሰው ሚስት በባሏ አይላክም።

«ደህና ነው በላት» አልሁት።