እናቴ ያሰረዘችው ጸሎት

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ልቤ ደከመ። የአዲስ አበባው ሐኪም ከእንግዲህ የሚጠገን አይደለም፣ በሌላ ልብ መተካት አለበት፣ እሱም የሚሆነው ውጭ አገር ነው ብሎ ወረቀቶቼን ወደዚያ ላከልን። ነቀምቴ ተመልሰን መልስ መጠበቅ ጀመርን፤ ሁለት ዓመት አለፈን፣ ዛሬም እየጠበቅን ነው።

እናቴ ግን ዝም ብሎ መጠበቅ አይሆንላትም። በሰፈራችን በበከኒሳ ቀሴ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ርዕስ ያለው ሲባል በየእሁዱ ከሁሉ ቀድማ ትነሳ ነበር። "ለልጄ ልብ ቶሎ እንዲገኝላት!" ትላለች፤ ምእመኑ አሜን ይላል። ሽንኩርት የሚሸጡልን ሴቶች ሳይቀሩ "መጣልሽ ወይ?" ይሉኛል፤ ከጎረቤት ከተማ ከኡኬ በሚመጣው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ የተጫነ ይመስል።

አንድ ቀን ለክትትል በሄድንበት ክሊኒክ እናቴ ነርሷን ጠየቀቻት።

"ለመሆኑ ይሄ ልብ ከየት ነው የሚመጣው?"

ነርሷ እየፈራች ነገረቻት፤ ከሞተ ሰው ነው፣ ምናልባትም ከእኔው እኩያ። እስኪገኝ ድረስ ደግሞ ውጭ አገር በባትሪ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ልብ እንደሚገጥሙ ጨመረችላት። እናቴ ቤት እስክንገባ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ለእሷ ይህ ከጾም ይበልጣል።

እሁድ እንደ ልማዷ ተነሳች።

"ኦቦ፣ ያን ጸሎቴን ሰርዙልኝ" አለች ጸሎቱን የሚመሩትን ሽማግሌ። "ለካ የሰው ልጅ ይሙት እያልን ነው የከረምነው። ጎፍታ ጌታችን ይቅር ይበለን። የማሽኑን ይስጠን፤ እሱ እናት የለውም።"

ሽማግሌው ጸሎት ሰርዘው አያውቁም። ጉሮሯቸውን ጠርገው ማሽኑን ለመኑልን። ሊጨርሱ ሲሉ አባቴ ከኋላ ወንበር ብድግ አለ።

"የከተማውን መብራትም ጨምሩበት። በባትሪ ነው እያሉ ነው፤ በምን ቻርጅ ልናደርገው ነው?"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ለመብራቱ የተባለው አሜን ግን ለእኔ ከሚባለው ይበልጥ ነበር።

እኔ አልሳቅሁም። እናቴ ላይ ተናድጄ ነበር። ነርሷ የነገረቻትን እኔ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ስልኬ ላይ አንብቤዋለሁ። እያወቅሁ ነው በየእሁዱ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ አሜን ስል የከረምኩት። መኖር እፈልግ ነበር፤ ልቡ የማንም ይሁን።

እናቴ ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች።

"አይዞሽ ልጄ፣ ኢንታላ ኮ፣ አላወቅንም ነበር እኮ" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት፣ "አላወቅንም።"