ክንዱን ያጣመረው ጀግና

ባለፈው ሳምንት መሀል አዲስ አበባ ካለ ትልቅ ሲኒማ ቤት ገብቼ ስለ አንድ በራሪ ጀግና የተሠራ ፊልም አየሁ። ጀግናው ክፉውን ሰውዬ ሲያሳድድ ግማሹን ከተማ አፈረሰው። ፎቅ በፎቅ ላይ ተናደ፣ ድልድይ ተቆረጠ፣ መኪና እንደ ቆርኪ ተበተነ። በመጨረሻ ከፍርስራሹ ሥር የወጡት ሰዎች አቧራቸውን አራግፈው አጨበጨቡለት። አጠገቤ የተቀመጡት ወጣቶችም አብረው አጨበጨቡ። እኔ ብሽቅ አልኩ። ቤቱ የፈረሰበት ሰው በምን አንጀቱ ነው የሚያጨበጭበው? የት ሊያድር ነው? ካሳውንስ ማን ሊሰጠው ነው? ፊልሙ ለዚህ ጊዜ አልነበረውም፤ ጀግናው ቶሎ ወደሚቀጥለው ፎቅ መብረር ነበረበት።

ከዚያ በፊት ያነበብኩት ኮሚክ ደግሞ የባሰ ነው። ጭምብል ያጠለቀ ሰውዬ ባልሠራው ወንጀል ይከሰሳል፣ ይታሰራል፣ ይደበደባል። በመጨረሻው ገጽ ላይ እውነቱ ይወጣና ከንቲባው ራሱ በሕዝብ ፊት ይቅርታ ይጠይቀዋል። ሥዕሉ ያምራል፣ ወረቀቱም ያብለጨልጫል። እኔ ግን ያንን ገጽ ስገልጥ የመጣብኝ ሳቅ ነው፤ ያውም የክፋት ሳቅ። እውነት እንዲህ ሰዓቷን ጠብቃ የምትወጣበት አገር ካለ አድራሻውን የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ጓደኞቼ "አንቺ ሁሉም ፊልም ያናድድሻል፣ ታዲያ ለምን ታያለሽ?" ይሉኛል። የማየው ስለምወድ ነው። ይህን ፍቅር ያስያዘኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እንዲህ አምርሬ እንድመለከት ያደረገኝም እሱ ላይ የደረሰው ነገር ነው።

ያደግነው ቡራዩ ነው። ከገፈርሳ መንገድ ገባ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት አካባቢ፣ ዙሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቪዲዮ ቤት ነበር። ሴት ልጅ እዚያ አትገባም፤ እኔ ግን እገባ ነበር። ወንድሜ የቤቱን ፖስተሮች ይሥል ስለነበር "የሠዓሊው እህት" እባላለሁ፣ በር ላይም ማንም አያስቆመኝም። የማዳበሪያ ጆንያ ተርትሮ ግድግዳ ላይ ይወጥርና ሰው በሩን ቀብቶ በተረፈው ቀለም ጀግኖቹን ይሥላቸዋል። ፖስተሩ ላይ ያለው ጀግና ብዙ ጊዜ ከፊልሙ ጀግና ይበልጥ ያምር ነበር። ጉድለቱ ቻይናውም ሕንዱም ትንሽ ትንሽ የሰፈራችንን ታክሲ ረዳት መምሰላቸው ነው።

ኮሚክ የምናገኘው ደግሞ ከሱቅ ነው፤ ገዝተን ግን አይደለም። ባለሱቁ ከመርካቶ አሮጌ መጽሔት በኪሎ እያመጣ ስኳርና ለውዝ ይጠቀልልበት ነበር። ወንድሜ ስኳር ሲላክ መጠቅለያውን ካልመረጠ አይመጣም። ባለሱቁ "አንተ ስኳሩን ትተህ ወረቀቱን ብላ" እያለ ይቀልድበታል። የምናገኘው መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው አንድ ገጽ ነው። የጎደለውን ወንድሜ ራሱ በእርሳስ እየሣለ ይሞላው ነበር። እኔ የመጀመሪያዋ አንባቢው ነበርኩ፤ ካልወደድኩት ደግሞ ፊቱ ላይ እነግረዋለሁ።

ጊዜው ማስተር ፕላን የሚለው ቃል ከሰው አፍ የማይጠፋበት ነበር። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ያለውን መሬት ልትጠቀልል ነው ይባላል። ገበሬው ከማሳው ይነሣል፣ ከተሜው አጥር ያጥራል። ከዚያ መንገድ መዘጋት፣ ድንጋይ፣ ጎማ ማቃጠል፣ ተኩስ፣ ለቅሶ መጣ። ቪዲዮ ቤቱ ግን መንገድ በተከፈተ ቁጥር ይሞላ ነበር።

አንድ ቀን መሬት የተቀማ የድሃ ልጅ ቀሚውን የሚበቀልበት የሕንድ ፊልም እናያለን። ከፊት የቆመው ተርጓሚ አንዲት የሕንድ ቃል ሳያውቅ ሦስቱን ሰዓት ሙሉ በአማርኛና በኦሮምኛ ያወራዋል። አንድ አዛውንት ገበሬ ዝናብ አስገድዷቸው ገቡና በር ላይ ቆመው ያዩ ጀመር። ልጁ አርባ ዱርዬ ብቻውን ሲዘርር ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

"ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ይሄ ልጅ የመሬቱ ካርታ አለው ወይ?"

ተርጓሚው ድምፁን ቀንሶ "የለውም አባባ፣ ያባቱ መሬት ስለሆነ ነው" አላቸው።

"እንግዲያ ምን ያደክመዋል" አሉና ዝናቡ ሳያባራ ወጡ። እኛ በሳቅ ሞትን። አሁን የፊልሙን ርዕስ እንኳ አላስታውስም። የሽማግሌው ጥያቄ ግን ጥሩ የፊልም ሂስ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ከዚያ ያ ጣጠኛ ፊልም መጣ። ጀግናው የወደብ ተሸካሚ ነው። ቆዳው ጥይት አይበሳውም። ሲተኮስበት ሁለት ክንዱን ፊቱ ላይ አጣምሮ ይቆማል፣ ጥይቱም እየነጠረ ይረግፋል። ፊልሙ ርካሽ ነው፤ ጥይቱ በክር የተጎተተ መሆኑ ያስታውቃል። ልጆቹ ግን አበዱለት። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ሁሉም ተነሥተው ክንዳቸውን ያጣምሩና "አይገባም!" ብለው ይጮሃሉ። በእነዚያው ወራት ክንድን አጣምሮ ወደ ላይ ማንሣት የተቃውሞ ምልክት ሆነ። በለቅሶ ላይም በሰልፍ ላይም የሚታየው እሱ ነበር። ከቪዲዮ ቤታችን ወጥቶ አገር አዳረሰ አልልም። ልጆቹም ቢሆኑ እያደር ለፊልሙ ይነሡ ወይስ ለተቃውሞው የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው።

ወንድሜ ግን ለፊልሙ ነበር። ይህን እኔ አውቃለሁ። ክንዱን ያጣመረውን ጀግና በትልቅ ጆንያ ላይ ሥሎ ከመንገዱ ፊት ለፊት ሰቀለው። የቤቱ ባለቤት አይቶት ላብ አጠመቀው።

"በሞቴ፣ ይሄን አውርደው። ሌላ ቦታ ላይ ያለውን ሣልልን፣ ሲሮጥ ምናምን።"

"ፊልሙ ላይ ያለ ነገር ነው ኦቦ። ዋናው ቦታ እሱ ነው፣ እሱን ካልሣልኩ ምኑን ሠዓሊ ሆንኩ?"

ወንድሜ እንዲህ ነበር። ፊልም ፊልም ነው ብሎ ያምናል። አገሩ ሁሉ ሌላ ነገር እያየ እሱ የጀግናው የጡንቻ ጥላ በየት በኩል ይውደቅ ብሎ ነበር የሚጨነቀው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች መጡ። ፖስተሩን አይተው ማን እንደሣለው ጠየቁ። ወንድሜ ሊሸለም የተጠራ ይመስል "እኔ ነኝ" አለ።

"ምን ማለት ነው?"

"ሲተኩሱበት እንዲህ ያደርጋል። ጥይቱ አይገባውም።"

እውነቱን ነው የተናገረው። በዚያ ቅዳሜ ከዚያ የከፋ መልስ ግን በአማርኛም በኦሮምኛም አይገኝም ነበር። ሰዎቹ ተያዩ። ወንድሜ እንዳልገባቸው ስለመሰለው "ካላመናችሁ ግቡና እዩት፣ አሁን ይጀምራል" አላቸው። እየመራ አስገብቶ የፊተኛው አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው፤ ለስላሳም አስመጣላቸው። ፊልሙን ካዩ ነገሩ ሁሉ እንደሚያበቃ እርግጠኛ ነበር። ፊልም ወዳድ ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራ ሰው የለም።

ቤቱ ሙሉ ነበር። ሰዎቹ ማን እንደሆኑ ሁሉም ከጫማቸው አውቋል። ተርጓሚው እንኳ ድምፁ ሰለለ። እኔ ጭኔን ጨብጬ "ዛሬን ብቻ፣ አምላኬ፣ ዛሬን ብቻ ዝም አሰኛቸው" እያልኩ እለምን ነበር። ያ ቦታ ደረሰ። ጠመንጃዎቹ ተደገኑ፣ ጀግናው ክንዱን አጣመረ። ከዚያ ከኋላ አንዱ ተነሣ፣ ቀጥሎ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆነ፣ ክንድ በክንድ ላይ ተጣምሮ ጣራውን ሊነካ ደረሰ። "አይገባም! አይገባም!" ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ።

ወንድሜ ወደ ሰዎቹ ዞረ። ፈገግ ብሎ ነበር። "አያችሁ?" አላቸው፣ "እንዲህ ነው የሚወዱት።"

ፊልሙ ሳያልቅ ይዘውት ወጡ። በማግስቱ ቤቱ ታሸገ፣ ፖስተሩንም የት እንዳደረሱት አላውቅም። እናቴ ስንቅ ቋጥራ ትመላለስ ጀመር። አንድ ቀን "እዚህ የለም" ተባለች፤ ሩቅ ካምፕ ወስደውታል። ኢንተርኔት ተዘግቷል፣ መንገዱም አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል፤ የት ብለን እንጠይቅ? በኋላ እንደነገረኝ ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር፦ ማን አዘዘህ? የእሱም መልስ አንድ ነበር፦ ፊልሙ ላይ ያለ ነው። አዎ ለተቃውሞ ነው ብትል ይቀልልሃል ብለውታል። አላለም። ውስጥ እግሩን ገርፈውት እንኳ አላለም። ያልሆነውን እንዴት ልበል አለኝ።

ሲፈታ ሰፈሩ በእልልታ ተቀበለው። በግ ታረደ። ፖስተሩን ሆን ብሎ፣ ሕዝቡን ለመቀስቀስ፣ ሞቱን ቆርጦ እንደሣለው ይወራ ነበር። እሱ "ኧረ ፊልሙ ላይ ያለ ነው" ሲል ይጠቃቀሱና "እሺ እሺ፣ ገብቶናል የኛ አንበሳ" ይሉታል። ደሜ ፈላ። ያኛው ወገን በዱላ፣ ይኼኛው ወገን በምርቃት ከአፉ ሊያወጡት የፈለጉት ያንኑ አንድ ቃል ነው። እናቴ እንኳ እያደር "ልጄ ለወገኑ ብሎ ነው" ማለት ለመደች። በከንቱ ተገረፈ ከማለት ይሻላት ነበር መሰለኝ። ፊልም ስለሚወድ ብቻ እንደሣለው የምናምን ሁለት ሰዎች ቀረን፤ እሱና እኔ።

መሣል ተወ። ሰበታ ፋብሪካ ገባ፣ ከደቡብ ከመጡ ሠራተኞች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ ኖረ። እነሱ እሑድ እሑድ ለጸሎት ሲወጡ እኔ አዳዲስ ፊልም በፍላሽ ይዤለት እሄዳለሁ። በስልክ አብረን እናያለን፣ እንተቻለን፣ አንዳንዴም ይስቃል። "እዚህ ጥሩ ነው፣ ጀግና የሚለኝ የለም" ይለኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ጊዜው ተለወጠ። የታሰሩት ተፈቱ፣ የተሰደዱት ገቡ፣ በየአዳራሹ ምስጋና በዛ። እሱንም ጠሩት። አልሄድም ይላል ብዬ ነበር፤ ሄደ። እናቴም እኔም ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥን። ትከሻው ላይ ጋቢ አለበሱትና ማይኩን ሰጡት። የመድረክ መሪው "ያን ታሪካዊ ሥዕል እንዴት ሣልከው? ለማን ብለህ?" አለው።

ወንድሜ እኔን አየኝ። ከዚያ ቀና ብሎ "ለትግሉ ነው የሣልኩት" አለ።

አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ያ ሁሉ ዱላ ያላወጣውን ቃል እኔው ፊት በገዛ ፈቃዱ ሰጣቸው። አለቀስኩ፤ ሰዉ የደስታ መስሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ጋቢው ጭኑ ላይ ተጣጥፏል። እናቴ ፊት ወንበር ላይ ለማታውቀው ሰው ስለ ልጇ እያወራች ነው።

"ለምን ዋሸህ?" አልኩት። "ያን ሁሉ ችለህ?"

"አትቆጪ" አለኝ። "እውነቱን ስንት ጊዜ ተናገርኩ፤ አንድም ሰው አላመነኝም። ዛሬ ስናገር ሰው ሲያምነኝ ልይ ብዬ ነው።"