ለሁለት የተከፈለው አዝማች

በደርግ ጊዜ ነቀምቴ ውስጥ የኪነት ቡድን ዘፋኝ ነበርኩ። ወላጆቼ ከጎጃም መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እኔ ግን እዚያው ተወልጄ ስላደግኩ በአማርኛም በኦሮምኛም እዘፍናለሁ። የቡድናችንን ድምፅ ማጉያ የሚቆጣጠረው ነቀምቴ አቅራቢያ ካለችው ከሲሬ ከተማ የመጣ ልጅ ነበር። እጁ ብልህ፣ አፉ ቁጥብ። ታላቅ ወንድሙ ጫካ ገብቷል ተብሎ ስለሚወራ ከእሱ ጋር ቆሞ ማውራት የሚደፍር ብዙ ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን የማወራው ዙሪያዬን እየቃኘሁ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ካሴት የሚሸጡ የጉራጌ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት።

"ነይ ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ አንድ ነገር ላሰማሽ" ብሎ የጆሮ ማዳመጫ ጫነብኝ።

የውጭ አገር ሙዚቃ ነው። ኦርጋኑ ግራ ጆሮዬ ላይ ቆይቶ ከበሮው ሲመታ ወደ ቀኝ ተሻገረ፤ እንደገና ሲመታ ተመለሰ። ሰው ከኋላዬ ያለፈ መስሎኝ ዞር አልኩ። ባለሱቁ ሳቁብኝ።

"እነሱ አገር ማሽኑ ራሱ ምቱን እየጠበቀ ያመላልሰዋል" አለኝ ልጁ። "እኛ እንዲህ ያለ ማሽን የለንም። እኔ ግን በእጄ አደርገዋለሁ።"

አደረገውም። ድምፆቹን በሚቀላቅለው ማሽን፣ በሚክሰሩ ላይ፣ ድምፅን ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ስፒከር የምትገፋ ትንሽ ማዞሪያ ነበረች። ከበሮው ጠንከር ብሎ በመታ ቁጥር እሷን ከዳር እስከ ዳር ያዞራታል። ነቀምቴ አዳራሽ ውስጥ ኦርጋኑ ወዲያና ወዲህ ሲል ሕዝቡ አንገቱን እያዞረ ይፈልገው ነበር። የሚያመላልሰው ታዲያ ኦርጋኑን ብቻ ነው። የዘፋኝ ድምፅ ነክቶ አያውቅም።

ከዚያ ለገበሬ ማህበራት ስብሰባ ሲሬ ሄድን። ክረምት ስለነበር ረጅም የእህል መጋዘን ውስጥ አስገቡን። ልጁ አንዱን ስፒከር በግራው ጫፍ፣ ሌላውን በቀኙ ጫፍ ሰቀለ። ካድሬዎቹ በቀኝ በኩል ወንበር ላይ፣ ገበሬዎቹ በግራ በኩል መሬት ላይ ተቀመጡ። ኦርጋን ተጫዋቹ ጠዋት "አሞኛል" ብሎ ነቀምቴ ስለቀረ ከበሮና ክራር ብቻ ነበር ያለን።

መጀመሪያ በኦሮምኛ ዘፈንኩ፤ መጋዘኑ በጭብጨባ ተናጋ። ቀጥሎ የታዘዝነው የአማርኛ መዝሙር መጣ። አዝማቹ "ጠላት ይውደም፣ ገበሬው ይኑር" የሚል ነው። እሱን ስደጋግም ድምፄ ከእኔ ተነጥሎ ከጫፍ ጫፍ ሲሮጥ ሰማሁት። ዞር ብዬ አየሁ። የልጁ ጣት ማዞሪያዋ ላይ፣ ዓይኑ ከበሮ መቺው ላይ ነው። እንዲያቆም በዓይኔ ጠቀስኩት፤ አላየኝም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር በአንዱ ጫፍ ያለ ሰው የሌላውን ጫፍ ስፒከር መስማት አይችልም። እኔ መሃል ስለቆምኩ ከሁለቱም ይሰማኛል። ስንጨርስ የካድሬዎቹ አለቃ አላጨበጨበም። አጎንብሶ አጠገቡ ላለው ሰው አንድ ነገር ሹክ አለው።

በማግስቱ ነቀምቴ ቢሮው አስጠራኝ።

"ጓዲት፣ ትናንት ምን ብለሽ ነው የዘፈንሽው?"

"ጠላት ይውደም፣ ገበሬው ይኑር ነው ያልኩት፣ ጓድ።"

"እኔ የሰማሁት 'ጠላት ይኑር' ነው። አጠገቤ የነበሩትም እንደዚያው። በግራ በኩል የተቀመጠ አማርኛ የሚያውቅ የማህበር ሊቀመንበር ጠይቄ ነበር። እሱ የሰማው ደግሞ 'ይውደም ገበሬው' ነው።"

ያን ጊዜ ገባኝ። "ጠላት" ስል ድምፄ ቀኝ ነበር። ከበሮው መታና ወደ ግራ ሄደ፤ እዚያ "ይውደም ገበሬው" አለ። እንደገና መታና "ይኑር" ቀኝ ላይ ወደቀ። እንዴት ነው እንዲህ ልክክ ያለው? ኦርጋን ተጫዋቹስ ለምን ያን ቀን ታመመ? "እኔ የታዘዝነውን ነው የዘፈንኩት፣ ጓድ" ብቻ አልኩት።

ልጁም ሲሬ ላይ ዝግጅቱን ከሚክሰሩ ከቀዳበት ካሴት ጋር ተጠርቶ መጣ። ካድሬው ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ ባለው ባለ አንድ ስፒከር ቴፕ አጫወተው። አዝማቹ ሳይጎድል ወጣ፤ "ጠላት ይውደም፣ ገበሬው ይኑር።" ወደ ኋላ መልሶ ደጋግሞ ሰማው።

"እኔን ጆሮዬ ነው የዋሸኝ ወይስ ይሄ?" አለና ዘበኛ ልኮ ባለሱቁን ባለ ሁለት ስፒከሩን ቴፕ ይዘው እንዲመጡ አዘዘ።

አለቀልን አልኩ፤ በባለ ሁለቱ ቀኝና ግራው ተለይተው ይሰማሉ። ባለሱቁ ቴፑን አቅፈው ገቡ፣ እኔንም ልጁንም ሳያዩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሲያስቀምጡት አውራ ጣታቸው ከጀርባው ያለች ትንሽ ቁልፍ ስትገፋ አየሁ። ሱቃቸው ውስጥ አውቃታለሁ፤ ሁለቱም ስፒከሮች አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲያወጡ የምታደርግ ናት። ካድሬው መጀመሪያ ቀኙ ላይ፣ ቀጥሎ ግራው ላይ ጆሮውን ለጠፈ። በሁለቱም አዝማቹ ሙሉ ነው።

"ዝናብ ነበር፣ ጓድ" አለ ልጁ ቀስ ብሎ።

ካድሬው ሦስታችንንም በየተራ ተመለከተን። "ሂዱ። አንተ ግን ካሁን በኋላ ያንን ማሽን አትነካም።"

በኋላ ሱቃቸው ሄጄ "ጋሼ፣ ያችን ቁልፍ ለምን ገፏት?" አልኳቸው።

በሩን አዩ። "የምን ቁልፍ? እኔ የገፋሁት ነገር የለም፤ አንቺም ያየሽው የለም" ብለው ካሴት መደርደር ጀመሩ። ዘበኛው የታዘዘው ከነቴፑ እንዲያመጣቸው ብቻ ነው፤ ለምን እንደተጠሩ እሱም አያውቅም ነበር። ማን ነገራቸው? ከዚያ በኋላ እሳቸውንም ማመን አቃተኝ። ኦርጋን ተጫዋቹ ደህና ሆኖ ወደ ልምምድ ሲመለስ እሱንም ከጥርጣሬ አላወጣሁትም።

ልጁ ኑኑ ቁምባ ወደምትባል ሌላ ወረዳ ሄዶ ራዲዮ መጠገን ጀመረ። ቡድናችን እዚያ ሲሄድ ገበያ መሃል አገኘሁት። በኦሮምኛ የእናቴን ደህንነት ጠየቀኝ፤ እኔም የእናቱን ጠየቅኩ። ከዚያ አላስቻለኝም።

"የዘፋኝ ድምፅ ነክተህ አታውቅም። ያን ቀን ለምን ነካህ?"

"ኦርጋን አልነበረም። ሌላ ምን ላዙር?"

"ከቀኝስ ለምን ጀመርክ?"

"ከአንዱ በኩል መጀመር ነበረብኝ።"

"እውነቱን ንገረኝ።"

ትክ ብሎ አየኝ። "ለማን ልትነግሪው ነው? ያን ቀን ካድሬው ቢሮ ቀድመሽ የገባሽው አንቺ ነሽ። ለብቻሽ ሆነሽ ምን እንዳልሽው እስከ ዛሬ አላውቅም።"

ስለ እሱ አንድ ቃል እንዳልተነፈስኩ ማልኩለት። ራሱን ነቀነቀ፤ ያመነኝ ግን አልመሰለኝም። ቆመን ሳለ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ጨው ተራው ጋ መቆሙን አስተዋልንና ወሬያችንን አቋረጥን። ሰውዬው ጨው እየገዛ ይሁን እየሰማን መለየት አልቻልንም። ልጁ ያለ ስንብት በአህዮቹ መሃል አልፎ ሄደ፤ እኔም ሌሎቹ ዘፋኞች ወደሚጠብቁኝ መኪና ተመለስኩ።