ጨዋማ ነው ያልኩት ውሃ

ለነፍስ አባቴ ጾም መግደፌን ተናግሬ ሰግጃለሁ፤ ሰው ማማቴንም አልደበቅኩም። ይህን ግን እፊታቸው ተንበርክኬ እንኳ ዘልዬዋለሁ። ከእናንተ በፊት የሰማው ሰው የለም።

ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በሰቆጣ በኩል የጋዝጊብላ ልጅ ነኝ፤ ያኔ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የገጠር ልማት አስተምር ነበር። ማስተማር ካላችሁት፤ ከቢጫ ወረቀቴ ኖት አጽፋለሁ፣ ተማሪው ይሸመድዳል። ባልደረባዬ ታደለ፣ የጎጃም ሰው፣ ሌላ መንገድ ይዞ መጣ። ለተማሪዎቹ አንድ እውነተኛ ችግር ይሰጣቸዋል፤ በቡድን ሆነው ይጠይቃሉ፣ ያነባሉ፣ ይከራከራሉ፤ እሱ መልሱን አይነግራቸውም። "ተማሪው ያስተምራል፣ መምህሩ ያንቀላፋል" ብዬ ቀለድኩበት። ግን የእሱ ተማሪዎች ደወል ተደውሎ እንኳ ከክፍል አንወጣም ይላሉ፤ የእኔዎቹ ሳይደወል ደብተር ይከድናሉ። ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም። ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው ሲባል የሰማሁትን በራሴ አጥንት አየሁት።

ዲኑ ዘዴው ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለውን ለመወሰን አንድ የተማሪዎች ሥራ ለማየት ፈለጉ። ታደለ የመረጠው ችግር ከእኔው አገር ሆነ፤ በጋዝጊብላ አንድ መንደር አዲስ የእጅ ፓምፕ ተተክሎ ሳለ ሰው ከሩቅ ምንጭ ይቀዳል። ለምን? ከመካከላችን የአገሬውን ቋንቋ፣ ኽምጥኛ፣ የምችለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ እንዳስተረጉም ለመነኝ። ወንድሜ እያለ ለመነኝ።

ሰቆጣ አድረን በማግስቱ መንደሩ ደረስን። የገበያ ቀን ነበርና ቤት የቀሩት አሮጊቶች ናቸው። የፓምፑ እጀታ ዝጎ አልንቀሳቀስ ስላለ ውሃውን መቅመስ አልተቻለም። እማማ ብርነሽ የሚባሉ ሴት ስንጠይቃቸው በኽምጥኛ መለሱ። ፓምፑ የተተከለበት ቦታ አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አርፎ ፍትሐት የሚደረስበት ነው፤ ሙታናችንን ያሳረፍንበት ላይ እንዴት እንስራ እናስቀምጣለን? ቢጠይቁን ሌላ ቦታ እናሳያቸው ነበር አሉ። መልሱ ይኸው ነበር፤ ታደለ የፈለገው መልስ፣ ሙሉውን። ተማሪዎቹ እስክሪብቶ አንስተው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

"ውሃው ጨው ጨው ይላል ነው የሚሉት" አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፣ ምላሴም አልሳተም። ጨው የሚለውን ቃል ከየት አመጣሁት? ከዚያች ደቂቃ በፊት አስቤው አላውቅም፤ ቅናቴ ግን ሳያስበው አልቀረም።

ስንሰናበት እማማ ብርነሽ እጄን ይዘው ወደ ጎን አሉና በአማርኛ ተናገሩኝ። "ልጄ፣ እኔ ጨው አላልኩም። በእንግዳ ፊት እንዳላዋርድህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።" መኪናው ገና አልተነሳም። ታደለ አሥር እርምጃ ላይ ቆሞ ነበር። ሄጄ ብነግረው ምን ነበረበት? አልነገርኩትም።

ተማሪዎቹ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ፣ ዲኑ ፊት፣ ስለ ጨዋማ ውሃ ማጣሪያ አቀረቡ። ዲኑ የጋበዟቸው የውሃ ባለሙያ፣ ጉድጓዱ ሲቆፈር ውሃው ተመርምሮ አንዳች ጨው እንዳልተገኘበት ተናገሩ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዘዴው ቀረ፤ ፓምፑም እዚያው ዝጎ ቀረ፤ ታደለ ኖት ወደ ማጻፍ ተመለሰ። አመሰገነኝ እኮ! "ያላንተ መንደሩንም አናየው ነበር" አለኝ።

ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሁሉም መምህር በዚያው ዘዴ ያስተምር አለ። አሠልጣኝ ሆኖ የተመረጠው ማን ይመስላችኋል? እኔ። በሥልጠናው ቀን ታደለ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ። "እኔ ሞክሬው ነበር፤ አልሆነልኝም" አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አሁን ንገረው አለኝ ልቤ። እኔ ግን በቁስሉ እንጨት ሰደድኩበት።

"ምናልባት በደንብ አልተዘጋጀህበት ይሆናል" አልኩት።

ራሱን በአዎንታ ነቅንቆ ያልኩትን ደብተሩ ላይ ጻፈው።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው ዛሬም ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።