ኪስ ውስጥ የቀረችው ጫጩት

ልጅ ሳለሁ፣ ማርታ፣ ከቀን ሁሉ ሐሙስን ነበር የምፈራው። ማማ የምትመጣው ሐሙስ ከሰዓት ነዋ፤ የምትቀረውም ሐሙስ ከሰዓት ነው። ስሚ፣ እንዳትዘጊው። ረጅም ቮካሌ፣ የድምፅ መልእክት ነው፣ ቶሪኖ ትራም ላይ ሁኚ ቤት ሁኚ አላውቅም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሚኝ። «ለጋሼ ተሰማ ሙት ዓመት አልመጣም፣ ያ ወፍ ገዳይ ሽማግሌ ለእኔ ምን አደረገልኝ?» ብለሽ ከላክሽልኝ ጀምሮ ደሜ ፈልቷል። ከሰፈሬ ከቶር ፒኛታራ ሥራ ቦታዬ ድረስ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ አውቶቡስ ብገባ ከሰው እጣላ ነበር። ወፍ ገዳይ! እንደው ምን ልበልሽ... በቃ፣ አልሳደብም። እሳቸው ስድብ አይወዱም።

አሎራ። አንቺ እሳቸው ቤት የመጣሽው አንድ ቀን ነው፣ የሰማሽውም ተኩስ ነው። ማታውን አታውቂውም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ እሱን አምናለሁ። ማማ አሠሪዋ ሲኞራ ቤት እያደረች ነበር የምትሠራው፣ ሲኞራዋ ደግሞ ልጅ አልፈልግም አለች፤ አንቺን መነኮሳቱ ሊያሳድጉሽ ወሰዱሽ፣ እኔን የማማ አጎት፣ ጋሼ ተሰማ፣ ወሰዱኝ። ቤታቸው አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፤ ሁለታችንን የት ያድርጉን? የወሰነችው ማማ ናት፣ እሳቸው አይደሉም።

ከሮም በካሲያ መንገድ ወጣ ብሎ ያለውን የአደን ቦታ፣ ሪዘርቫውን፣ ይጠብቁ ነበር። አገር ቤት ቆቅና ጅግራ ሲያድኑ ያደጉ ሰው ናቸው። ሴተምብሬ ሲገባ፣ ወደ መስከረም፣ አደን ሊከፈት ሲል፣ ያኔ ጠመንጃ መሞከር ይጀምራሉ። የወፍ ጠመንጃ እንደ ሌላው አንድ ጥይት አይደለም የሚተፋው፤ የጎመን ዘር የሚያክል እርሳስ በእፍኝ ነው የሚረጨው። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ስትሮዛቶሬ የሚሏት አጭር ቱቦ ትገባለች፣ ርጭቱን የምታጠበውም የምትበትነውም እሷ ናት። ኮከብ ተቀርጾባታል። አንድ ኮከብ ያላት ጠባቧ ናት፣ አምስት ኮከብ ያላት ሰፊዋ። ችግሩ ግን አንዷ ቱቦ ከአንዱ ካርቱቻ፣ ከአንዱ ዓይነት ጥይት ጋር ትስማማለች፣ ከሌላው ጋር ትጣላለች። ሳይሞክሩ አይታወቅም።

እና ምን ያደርጋሉ፣ ከሥጋ ቤት የሚያመጡትን ቢጫ ወረቀት ጣውላ ላይ በምስማር ይመቱታል፣ ርምጃቸውን እየቆጠሩ ይርቃሉ፣ «ጆሮህን ያዝ» ይሉኛል፣ ከዛ ቧ! ከዛ ሄደን እናያለን። ከፓስታ ካርቶን ቆርጠው የሠሯት ሰማያዊ ቆቅ ነበረቻቸው። ቀዳዳዎቹ መሃል ያንሸራትቷታል። እርሳስ ሳይነካት የምትገባበት ባዶ ቦታ ካገኙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «እዚህ ጋ ብትሆን ጫፏን ብቻ ነክቷት ቆስላ ትበር ነበር። ቆስላ ጫካ ውስጥ ከምትማቅቅ ባይተኮስ ይሻላል» ይላሉ። ሌላ ስትሮዛቶሬ፣ ሌላ ካርቱቻ፣ ሌላ ወረቀት። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ተኩስ። ወፏ እንዳትሰቃይ። ገዳይ ስትይ ይሄንንም አብረሽ በይ።

እኔን «ባለ አንድ ኮከብ» ነበር የሚሉኝ። «አንተ እርሳስህን ሁሉ አንድ ቦታ ነው የምትተፋው» ይላሉ፣ «አጠገብህ ያለውን ትበጣጥሰዋለህ፣ ትንሽ ወደ ጎን ያለውን ትስተዋለህ።» ዛሬም ያው ነኝ፣ አውቃለሁ። አትሳቂ።

ማታ ሲሆን ግን፣ ያኔ፣ ያው ወረቀት ሌላ ነገር ይሆናል። የወይራ ጉቶ ፍሙ ደብዘዝ ብሎ እየጤሰ፣ የጠመንጃ ዘይትና የእርጥብ ውሻ ሽታ ቤቱን ሞልቶት፣ መብራቱን ያጠፉና ከአገር ቤት መጣ የሚሉትን ፋኖስ ይለኩሳሉ፤ በሁለት ወንበር መሃል ገመድ ይወጥራሉ፣ ቀን የተበሳሳውን ወረቀት ይሰቅሉታል፣ ፋኖሱን ከኋላው። ማርታ፣ ሰማይ ነበር የሚሆነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ኮከብ። «ተረት ተረት» ይላሉ። «የላም በረት» እላለሁ። «እዚህ ላም የት አየህ? የውሻ በረት በል!» ይላሉ፣ ውሾቹም የገባቸው ይመስል ወለሉን በጭራቸው ይደበድቡታል።

ተረቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። እናት ቆቅ ሁለት ጫጩቶች ነበሯት። አንድ ቀን ከሰማይ እርሳስ ዘነበ፣ ሁሉም በየፊናው በረረ። የካርቶኗ ቆቅ ጥላዋ ወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ብርሃን ባለበት ሁሉ ሞት አለ፤ እሷ ጨለማውን ትፈልጋለች። ቀን ራሳቸውን የነቀነቁበት ያ ባዶ ቦታ፣ ማታ በሯ ነው። ሾልካ ታልፋለች። እኔ ያኔ ብቻ ነበር የምተነፍሰው። ከዛ ይመሻል፣ በተረቱ ማለቴ ነው፣ እናትየው ትጠራለች። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠበብ አድርገው ልክ እንደ ቆቅ ሲጠሩ ውሾቹ ብድግ ይሉ ነበር። «የተበተነ ቆቅ ሲመሽ ይጠራራል» ይላሉ። «ሲጠራሩ ደግሞ አይተኮስም።» ይሄን ሕግ ለአደን የሚመጡት ጣልያኖች ሳይቀሩ ያከብሩላቸው ነበር።

ከጥግ አንዲት ትንሽ የካርቶን ጫጩት ብቅ ትላለች። እኔ ነኝ እሷ። እናቷ ክንፍ ሥር ትገባለች።

«ሁለተኛዋስ?» እላለሁ።

«ኪሴ ውስጥ ናት።»

«ያውጧታ!»

«ማርታ ስትመጣ። ተረቱ የሁለታችሁ ነው፣ ለግማሽ ቤተሰብ አልጨርስም።»

አንድ ሐሙስ ማማ ቀረች፣ ሲኞራዋ እንግዳ አለኝ ብላ ከልክላት። የዛን ማታ አበድኩ። መጨረሻውን ካልነገሩኝ ብዬ ኪሳቸው ውስጥ እጄን ልከት ታገልኳቸው። እጄን ለቀም አደረጉና፣ ሳይቆጡ፣ «ተው አንተ ባለ አንድ ኮከብ። ይቺ የእህትህ ድርሻ ናት፣ በጉልበት አትወጣም» አሉኝ።

ከዛ አንቺ መጣሽ። ትዝ ይልሻል፣ አውቃለሁ። ማማ እጅሽን ይዛ፣ ነጭ ካልሲ አድርገሽ፤ ሐሙስ ነበር፣ እሳቸውም መምጣታችሁን ሳያውቁ ከቤቱ ጀርባ ጠመንጃ ይሞክሩ ነበር። ቧ! ሲል ጮኸሽ የውሾቹ ቤት ውስጥ ገባሽ፣ በስንት ልመና ወጣሽ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማማ መልሳ ወሰደችሽ፣ ደግማም አላመጣችሽ። ፋኖሱ ሳይበራ ሄድሽ፣ ማርታ። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። እራት ሳይቀርብላት ተነሥታ የሄደች እንግዳ ሆንሽ።

ለእኔ ምን አደረጉልኝ ትያለሽ? ልንገርሽ። ከዛ ቀን በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ጠመንጃ ነክተው አያውቁም። የሮም አዳኞች አዲስ ካርቱቻ ይዘው «ዛሬ እንሞክር» ብለው ሲለምኗቸው፣ «ነገ ኑ፣ ዛሬ ልጅ ልትመጣ ትችላለች» ይሏቸዋል። የቱ ልጅ? ማንም አይመጣም ነበር። እኔ አድጌ፣ ፂሜ ወጥቶ፣ እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሐሙስ ዝም ያለ ቀን ነበር። በፀጥታው ነበር የምንጠብቅሽ።

አምና ሲያርፉ ሆስፒታሉ ልብሳቸውን በፌስታል ሰጠኝ። የአደን ጃኬታቸውም ነበረበት። ጫጩቷ ኪሱ ውስጥ ነበረች፣ ጠርዟ ተልጦ፣ ሰማያዊው ነጥቶ።

ቫ ቤኔ፣ አልለምንሽም። እሁድ ቅዱስ እስጢፋኖስ ጸሎት አለ፣ ማማም ያን የሚያማትን ጉልበቷን ይዛ ትመጣለች። ከዛ ወደ እኔ ቤት ነው። ከዛ ዘመን የተበሳሳ አንድ ወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ፣ መስኮቱ ላይ እሰቅለዋለሁ። ፋኖሱ ተሰብሯል፣ በቴሌፎኔ መብራት እንሞክራለን። ጠመንጃ የለም፣ የሪዘርቫው ባለቤቶች ወስደውታል። ተረቱ እንዴት እንደሚያልቅ አላውቅም፤ እሳቸውም ሳይነግሩኝ ሄዱ። ቁጭ ብለን እናየዋለን።

ከዛ ሁሉ ማታ እኔ ጋ የቀረው፣ ስታስቢው፣ ትንሽ ነገር ነው። እዚህ ሲመሽ ባቡሩ ያልፋል፣ ታች ያሉት የባንግላዴሽ እናቶች ልጆቻቸውን ከመንገድ ይጠራሉ፣ በየመስኮቱ፣ በማላውቀው ቋንቋ። ያኔ የትም ልሁን፣ ከማንም ጋር ልጣላ፣ ዝም እላለሁ። እጄ ራሱ ወደ ኪሴ ይሄዳል። እዛው ናት።